መሪው ሲጎትት፣ ፍሬኑ ሲያዳላ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የባለሙያ መልስ

ዝናቡ ሲበረታ ስለ መሪና ስለ ፍሬን የሚደርሰን ጥያቄም ይበረታል። ለዚህ እትም ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ከመጡት መካከል ብዙ የአሮጌ መኪና ባለቤት የሚጋራቸውን መርጠናል። ጥያቄዎቹ ይለያዩ እንጂ የአብዛኞቹ ጥፋት አንድ ነው፦ ሳይመረመር ተስተካክሏል፣ ወይም ያልተበላሸው ዕቃ ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትጎትተኛለች። መካኒኩ የግራውን የፊት ፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ ቀየረልኝ። ለጥቂት ቀን ደህና ትሆንና ተመልሳ ያው ናት። ኮንቨርጀንሳም (የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቻለሁ። ምን ቀረኝ? (ከአጂፕ ሰፈር፣ ጅማ)

መልስ፦ የቀረዎት ቀኙ ነው። ፍሬን ሲያዝ መኪና የሚያዘነብለው አጥብቆ ወደያዘው ጎማ ነው። ወደ ግራ ከጎተተች የግራው ፍሬን ሥራውን እየሠራ ነው፤ የለገመው የቀኙ ነው። ግራው ሁለት ጊዜ አዲስ ሸራ ሲለብስ ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ከእንግዲህ ሸራ ሲቀየር በአንድ አክስል ላይ ያሉት ግራና ቀኝ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ፓኮ ወጥተው ይቀየሩ።

መጀመሪያ ግን ገንዘብ የማያስወጣውን ያጣሩ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሳይግሉ ተለክተው እኩል ነፋስ ይኑራቸው፤ አንዱ 30 ፒኤስአይ ከሆነ ሌላውም 30 ይሁን። ቁጥራቸውና የጥርሳቸው ዓይነትም አንድ ይሁን። ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርገው ሲነዱ የመጎተቱ አቅጣጫ ከተለወጠ ጥፋቱ ከጎማው ነውና ወደ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ የሙቀት ፈተና አለ። ከከተማ ወጣ ብለው 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ በመሃሉ አምስት ስድስት ጊዜ ፍሬን በመጠኑ ይዘው ይልቀቁ፤ ከዚያ ይቁሙ። እጅዎን ወደ ቸርኬው አስጠግተው የግራና የቀኙን ሙቀት ያነጻጽሩ። ዲስኩን (ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት) ግን አይንኩት፣ ይልጣል። ቀዝቃዛው ጎማ ያልሠራው ነው። መኪናዋ ስትበርድ ሌላ ዙር ይንዱ፤ አሁን ፍሬን ሳይነኩ በማርሽ እያቀዘቀዙ ይቁሙ። በዚህኛው ዙር የጋለ ጎማ ካለ እሱ ደግሞ ፍሬኑን አልለቅ ያለ ነው። ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዴ ግን በአንድ መኪና ላይ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ።

የቀኙ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ሦስት ቦታ ይፈለጋል። የመጀመሪያው ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ናቸው። በእጅ ሲገፉ መሄድ አለባቸው። የእኛ አገር ቀይ ጭቃ በተቀደደ ጎሚኒ (ከጎማ በተሠራ መሸፈኛ) ገብቶ ሲደርቅ ፒኑን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከአንዱ ጎማ የወጡትን ሁለት ሸራዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በፒስተኑ በኩል ያለው አልቆ የውጪው አዲስ ከመሰለ ፒኑ ተጣብቋል። ፒኑ ተጠርጎ የሚቀባው ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ነው። ለኩሽኔታ የሚገባው ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ስለሚያሳብጠው ከወር በኋላ ወደ ነበሩበት ይመልስዎታል።

ሁለተኛው ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ነው። በማጥበቂያ ሲገፋ እየተንገራገጨ ከገባ አውጥቶ ማየት ነው። ዝገት በልቶት ጉድጓድ ካወጣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ ፒስተኑም ጎሚኒውም አብረው ይቀየሩ።

ሦስተኛው፣ ብዙ መካኒክ የሚረሳው፣ የፍሬን ዘይት ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው ከጎማ የተሠራ ቱቦ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጥና ዘይቱን በክር ቀዳዳ ያህል ያሳልፋል። አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ እርስዎ የሁለቱንም ካሊፐር የአየር ማስወጫ ብሎን በየተራ ይክፈቱ። ግራው ፈንጥቆ ቀኙ ከተንጠባጠበ ቱቦው ነው። ያው ቱቦ ተቃራኒውንም ያደርጋል፦ ዘይቱ በኃይል ይገባና መመለሻ ያጣል፣ ጎማውም ታስሮ ይቀራል። ታስሮ ሳለ ብሎኑ ሲከፈት ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ ከካሊፐሩ በፊት ባለው ቱቦ ነው። ብሎኑ ተከፍቶም ካልተፈታ ራሱ ፒስተኑ ተጣብቋል። ቱቦም ሲቀየር ጥንድ ጥንድ ነው።

ሁለት ነገር እንዳይደረግ። የፍሬን ጎሚኒ በናፍጣ ወይም በቤንዚን አይታጠብ፤ የነዳጅና የሞተር ዘይት ዘር ሁሉ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። ጎሚኒ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራም በእሳት ተቃጥሎ አይመለስ። ላዩ ይደርቃል፣ ሲግል ግን ከውስጥ ያለው ዘይት ይወጣል። ይጣል፤ ዘይቱ የመጣበትም ይፈለግ።

ቱቦ ወይም ፒስተን ከተነካ ወደ ፍሬን ዘይቱ መስመር የገባው አየር መውጣት አለበት። መሪው በግራ፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ በሆነበት እንደ እርስዎ ባለ መኪና ተራው የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው። ከፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት ያስገቡ። አሮጌ ዋና ፖምፓ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ለዓመታት ግማሹን ብቻ ሲመላለስ ኖሮ የቀረው ግማሽ ውስጡ ዝጓል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ጎሚኒው ያንን ዝገት ይልሳል፣ ይቀደዳል። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ፖምፓው ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ ኮንቨርጀንሳው፦ ፍሬን ሳይዙ ቀጥ ብላ የምትሄድን መኪና ኮንቨርጀንሳ አያድናትም። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን፣ ሲለቁ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የምትጥል ከሆነ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ተበልቶ ጎማው ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ነው። ያኔ ጎሚኒው ይቀየርና ኮንቨርጀንሳው ከዚያ በኋላ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፒክአፕ ሃይሉክስ አለኝ። ቡና ስለምጭንበት ከኋላ ባሌስትራ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ የፊት ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል። መካኒኩ ከኋላ አክስሉ በላይ ያለችውን ቫልቭ «እንዝለላት» ይለኛል። ልፍቀድለት? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አይፍቀዱለት። ያቺ ቫልቭ የጭነት ሚዛን ናት። ከአክስሉ ጋር በበትር ተያይዛለች፤ ጭነት ሲኖር አካሉ ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል፣ በትሩ ይገፋታል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ትሰጣለች። ባዶ ሲሆን አካሉ ይነሳል፣ እሷም ትቆጥባለች። እርስዎ ባሌስትራ ሲጨምሩ አካሉ ተነሳ፤ ቫልቯ ቡና ጭነውም «ባዶ ነው» ብላ ታምናለች። ኋላው ሲሰንፍ ሥራው ሁሉ በፊቱ ላይ ወደቀ። ሸራዎ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ከተዘለለች ተቃራኒው ይመጣል። ባዶ ፒክአፕ ከኋላ ቀላል ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ሙሉ ዘይት ሲደርሰው የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ቀድመው ይቆልፋሉ። የፊት ጎማ ከቆለፈ መኪናው አይታጠፍም እንጂ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ቀድሞ ከቆለፈ ግን ቂጡ ይዞራል፤ በአጋሮና በጅማ መካከል ያሉት ኩርባዎች ላይ ለዚህ ቦታ የለም።

የሚያዋጣው በትሩን ማስተካከል ነው። ባሌስትራው አካሉን ስንት እንዳነሳው ይለካ፤ የበትሩ ማያያዣ በዳዶዎቹ በዚያው ልክ ይራዘም። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ በመኪናው መመሪያ ላይ ባለው ቁጥር ይሠራል። ከሌለ ባዶውን፣ በደረቅና ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዱ አጥብቀው ይያዙ፤ ሌላ ሰው ከውጭ ቆሞ ይመልከት። የኋላው ቀድሞ ከቆለፈ አብዝተዋል፣ ይመልሱ። የቫልቯ መገጣጠሚያም በጭቃ ተይዞ እንዳይሆን በእጅ አንቀሳቅሰው ይዩ። አለመንቀሳቀሷን ከመበላሸት ብዙም ሰው አይለየውም።

ቫልቯ ከመነካቷ በፊት ግን ታምቡሮቹ (የኋላውን ፍሬን ሸራ የሚሸፍኑት ክብ ብረቶች) ይከፈቱ። ሸራውን የሚያቀራርበው ባለ ጥርስ ማስተካከያ የግራውና የቀኙ ጥርስ አዟዟሩ ተቃራኒ ነው። ለማጽዳት ወጥተው ከተቀያየሩ ፍሬኑ በተያዘ ቁጥር ሸራውን ከማቅረብ ይልቅ ያርቁታል። ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ አጥብቆ ከዚያ በነፃ እስኪዞር መመለስ ነው፤ የተመለሰው ጥርስ ቁጥር በግራም በቀኝም እኩል ይሁን። የእጅ ፍሬን ገመድ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። ታምቡር ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይንፉት። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላልና በውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ በሰዓት 80 ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ኮንቨርጀንሳ አሠራሁ፤ ለውጥ የለም። (ከጅሬን)

መልስ፦ አራተኛ እንዳያሠሩ። መንቀጥቀጡ ሁልጊዜ ነው ወይስ ፍሬን ሲይዙ ብቻ?

ሁልጊዜ ከሆነ ባላንስ (የጎማው የክብደት ሚዛን) ነው። እዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጭቃ ነው። ከቸርኬው በስተውስጥ የደረቀ አንድ ጭብጥ ቀይ አፈር ጎሚስታው ለባላንስ ከሚለጥፈው እርሳስ ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ጎማውን አውርደው ውስጡን ይጠቡ፤ መንቀጥቀጡ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ካልሄደ ጎማውን በክሪክ አንስተው፣ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ እስክሪብቶ ይዘው ያዙሩ። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ጉድጓድ ቸርኬውን አጣምሞታል፤ የተጣመመ ቸርኬ በእርሳስ አይቃናም።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው። ዲስክ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ሲዞር እንዲወዛወዝ የሚፈቀድለት እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኖ ላይ ማስላጥ ይቻላል፤ ግን ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይጣላል። በታምቡር ላይም እንዲሁ የመጨረሻው ስፋት ተጽፏል። ከማስላጥዎ በፊት ዲስኩ የሚቀመጥበትን ፊት ዝገቱን ይፋቁ፤ ዝገት ላይ የተቀመጠ አዲስ ዲስክም ይወዛወዛል።

ሌላው ምክንያት የጎማ ዳዶ አጠባበቅ ነው። ለትናንሽ መኪኖች ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ይህ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 40 ኪሎ ያህል መግፋት ነው። ቱቦ ቀጥሎ ላዩ ላይ መቆም ሁለት እጥፍ ያልፋል፤ አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ሲላላ ዲስኩ ይጣመማል። ዳዶ የሚጠብቀው በመስቀለኛ ነው፣ በሁለት ዙር፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይታያል።

ጥያቄ፦ የመሪዬ ጨዋታ በዛ። መካኒኩ የመሪ ሳጥኑን ብሎን አጠበቀልኝ። ጨዋታው ቀነሰ፤ አሁን ግን ከኩርባ ስወጣ መሪው አልመለስ ይላል። (ከሰቃ ጨቆርሳ)

መልስ፦ ብሎኑ ወዲያውኑ ይላላ። የመሪ ሳጥን ጥርስ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ ብዙውን መንገድ የምንሄደው ቀጥ ብለን ነውና። የተበላውን መሃል ለማጥበቅ ሲሞከር ያልተበሉት ዳርና ዳር ይታሰራሉ። መሪ አልመለስ ማለቱ ይኸው ነው፤ በኩርባ ላይ አደገኛ ነው።

ጨዋታውን መጀመሪያ ይለኩት። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ፣ መሪውን በጣት እያንቀሳቀሱ ጎማው ሳይነቃነቅ የመሪው ጠርዝ ስንት ይሄዳል? በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ገደቡ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ሳጥኑ የመጨረሻው ተጠርጣሪ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፤ እርስዎ ከሥር ሆነው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጅ ይጨብጡ። የተበላ ቴስቲና (የመሪውን በትር ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) እጅ ላይ ይነግርዎታል። የሳጥኑን ክንድ፣ በተቃራኒው ጎን ያለውን ረዳት ክንድና ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ብሎኖችም ይዩ። ብሎኖቹ ልል ሆነው ቴስቲና ሁሉ የተቀየረበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ሥሩም በጠንካራ ድጋፍ ይያዝ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አይገባም። ጎማውን በ3 እና በ9 ሰዓት ቦታ ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ ቴስቲና ነው። በላይና በታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ድቡልቡል መገጣጠሚያ) ነው። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱ ነው።

ቴስቲና ሲወጣ በጥርሱ ጫፍ አይመታ። የተቀመጠበት ቀዳዳ ሾጣጣ ነው፤ ከጎኑ በመዶሻ፣ በተቃራኒው ሌላ ከባድ መዶሻ ተደግፎ፣ አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ ሲመታ ራሱ ይለቃል። ከመፍታትዎ በፊት ስንት ዙር እንደገባ ቆጥረው ይጻፉ፤ አዲሱን በዚያው ቁጥር ካስገቡት መኪናው ኮንቨርጀንሳ ወደሚሠራበት ቦታ በደህና ይደርሳል። ዳዶውን የሚቆልፈው ፒን አዲስ ይሁን፣ በምስማር አይተካ።

በአካባቢዎ የኮንቨርጀንሳ ማሽን ከሌለ ለጊዜው በሜትር ይለካል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ጥርስ መሃል ላይ፣ በአክስሉ ከፍታ ልክ፣ ከፊት በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉና በመካከላቸው ያለውን ይለኩ። መኪናውን ወደፊት ገፍተው ምልክቶቹ ከኋላ በኩል በዚያው ከፍታ ሲደርሱ ደግመው ይለኩ። በኋላ አክስል ለሚነዳ አሮጌ መኪና የፊቱ ልኬት ከኋላው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ማነሱ የተለመደ ነው፤ በፊት ጎማ ለሚነዳ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የመኪናዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው መመሪያውን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ የፍሬን ዘይቴ ዶት 3 ነው፤ ጎደለብኝ። ዶት 4 ብጨምርበትስ? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ይችላሉ። ዶት 5 ግን ከሁለቱም አይቀላቀልም፣ የተሠራው ከሲሊኮን ነው። ይልቅ የጎደለው የት ሄደ? ወይ ሸራው አልቆ ፒስተኑ ወጥቷል፣ ወይ የሚያፈስ አለ።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ከሰኮሩ በኋላ ያለውን የጊቤ ቁልቁለት ስጨርስ ፔዳሉ ልስልስ ብሎ ይወርዳል። ስቆም ቆይቶ ይመለሳል። ፖምፓ ነው? (ከጅማ መርካቶ)

መልስ፦ ፖምፓ ቢሆን ሲበርድም አይመለስም ነበር። ዘይትዎ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት አያንሰውም። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እስከ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ለትንሽ መኪና ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይበቃል። ክዳኑ ተከፍቶ ከርሞ የቆየ ቆርቆሮ አይግዙ።

ፔዳሉ ሳይወርድ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ የጋለው ሸራው ነው። በሁለቱም መድኃኒቱ ማርሽ ነው። ቁልቁለቱን ሊወጡት በሚችሉበት ማርሽ ይውረዱት፤ የሚቀየረውም ከላይ ሳሉ እንጂ ፍጥነት ከተነሳ በኋላ አይደለም። ፍሬን ያዝ ለቀቅ ይደረጋል እንጂ እግር ተጭኖ አይቆይም። ከጋለ ዳር ይዘው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ፣ ይሰነጠቃል። በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ ታምቡሩ ሲበርድ ሸራው ላይ ይጠብቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ለቦሎ ምርመራ ስሄድ በወረቀቱ ላይ የፊት ግራ 200፣ የፊት ቀኝ 130 ተጻፈ። ምን ማለት ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ የእያንዳንዱ ጎማ የመያዝ ኃይል ነው። ትንሹን ለትልቁ ያካፍሉ፦ 130 ለ200 ማለት 65 ከመቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የምርመራ ደንብ በአንድ አክስል ላይ ያለ ጎማ ከጓደኛው 70 ከመቶ በታች ከያዘ እንደ ከባድ ጉድለት ይቆጠራል። እርስዎ ከዚያ በታች ነዎት። ቀኙን ይክፈቱ፤ የአጂፕ ሰፈሩን ጠያቂ መልስ ከላይ ያንብቡ። ወረቀቱንም አይጣሉት፤ ከጥገናው በኋላ ያለውን ቁጥር ከዚህኛው ጋር ያስተያዩታል።